የጎረቤላዋ ጸሐፊና እምቢተኛው ላፕቶፕ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ የጦር ሜዳ ጀብዱ አይደለም፤ የአንዲት ጸሐፊና የአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነገር ነው። ስሟን አልጠራውም። ደግሞም የአንዷን ብቻ አይደለም የምነግራችሁ፤ የሁለት ሦስቱን ሰው ወሬ አንድ ላይ ገምጄዋለሁ። ስለዚህ «እኔን ነው ያማኝ» ብላ የምትቆጣ ብትኖር ግማሹ የእሷ አይደለም።

ቦታው ጎረቤላ ነው። ለማያውቀው፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ታጥፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚያገኛት የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ባሻገሯ የነንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ፣ ኋላም የምኒልክ ግቢ የነበረበት ጉብታ አለ፤ ከሥሯ ደግሞ ወደ አፋር ቆላ የሚወርደው ገደል። ጉሙ ገደሉን ሽቅብ የወጣ ቀን በቀትር አምፖል ይበራል፤ አምፖሉ እሺ ካለ ማለቴ ነው።

እዚያች ከተማ ውስጥ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሌሚኔሽን» የሚል ሰሌዳ ያላት አንዲት ክፍል ነበረች። የልጅቱ እንጀራ ይህቺ ክፍል ናት። ጠዋት ለወረዳ ፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ ከሰዓት የመምህራን ፈተና፣ ጥር ሲገባ የሠርግ ጥሪ፣ በመሀል የእድር ደብዳቤ። ሁሉም በአማርኛ፣ ሁሉም በችኮላ።

ታዲያ የጽሕፈት ቤት ጠላት ማን ይመስላችኋል? ፍላሽ ነው። ሰው ሁሉ በኪሱ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ደግሞ በሽታውን ይዞ ይመጣል። ያንን ቫይረስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት ይለውጥና ባለቤቱን «ፋይሌ ጠፋ!» ያሰኛል። አንድ ቀን እንዲህ ያለው ገባና የልጅቱን ዊንዶውስ አሽመደመደው። የስንት መምህር ፈተና፣ የስንት ሰው ሲቪ አብሮ ተቀበረ። ደንበኛው ሲያኮርፍ እሷም አለቀሰች።

በመስቀል ሰሞን የአክስቷ ልጅ ከደብረ ብርሃን መጣ። ኮምፒውተር የተማረ ነው፣ በዕድሜ ከእሷ ያንሳል፣ «እትዬ» ነው የሚላት። ላፕቶፑን አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከቦርሳው አንድ ፍላሽ አወጣና ፎርማት አደረገው።

«በቃ እትዬ፣ ሊኑክስ ጫንኩልሽ። ኡቡንቱ ይባላል። ከእንግዲህ የፍላሽ ቫይረስ ሥራ አያስፈታሽም።»

እውነቱን ነው፤ ያ የሾርትከት ቫይረስ ለዊንዶውስ የተሠራ ነውና ኡቡንቱ ላይ አቅም የለውም። ልጁ ይህን ብሎ፣ እራቱን በልቶ፣ በማግስቱ በጠዋቱ መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰ። መከራው የጀመረው መኪናው ዳገቱን ሳይጨርስ ነው።

በማለዳ አንድ አባት ገቡ። የመሬት ክርክር ነው፣ ማመልከቻ ሊያጽፉ።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ካልገባ ቀጠሮው ያልፍብኛል።»

«እሺ አባባ፣ ይቀመጡ፣ አሁን ነው።»

ላፕቶፑን ከፈተች። አማርኛ ማንበብ ያነባል፤ ኡቡንቱ አቢሲኒካ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ነው የሚመጣው። መጻፊያው ነው የታጣው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታ «አማርኛ» የሚል ኪቦርድ አገኘች፣ መረጠችው፤ እጇ የለመደው አልሆነም፣ «ሰ»ን ስትፈልግ ሌላ ይመጣል። ቢጨንቃት ያንን ዓመታት ያገለገላትን ፓወር ግዕዝን ከፍላሽ አውጥታ ሁለቴ ጠቅ አደረገችው። ለዚህ ፋይል መክፈቻ የለኝም አላት። ደገመችው። ያንኑ አላት። ፓወር ግዕዝ የተሠራው ለዊንዶውስ እንደሆነ፣ ጫፉ ላይ «ኢኤክስኢ» የተጻፈበት ሁሉ እዚህ ቤት ባዕድ እንደሆነ የነገራት የለም።

«ልጄ፣ ታመመ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«አይ አባባ፣ አዲስ ስለሆነ ነው።»

«አዲስ ከሆነማ ለምን አይሠራም?»

ለዚህ መልስ አልነበራትም። ላፕቶፑን ገፋ አድርጋ ማመልከቻውን በእጇ ጻፈችላቸው። ገንዘብም አልተቀበለቻቸውም፤ አፍራ ነው።

አሁን ትንሽ ልግታና ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ፤ አለዚያ ልጅቱን ሰነፍ ትሏታላችሁ።

ሊኑክስ የተባለውን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እንዲያው ለራሱ ኮምፒውተር ብሎ የጀመረው ነገር ዛሬ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሁሉ ኪስ ውስጥ አለ፤ የአንድሮይድ አስኳሉ ሊኑክስ ነውና። ማመልከቻ ሊያጽፉ የመጡት አባት ልጆችም ሳያውቁት የሊኑክስ ደንበኞች ናቸው። በ1993 ደግሞ ኢያን መርዶክ ደቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት አቋቋመ፤ በ2004 ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ከደቢያን ተነሥቶ ኡቡንቱን አወጣ። ሻትልወርዝ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከፍሎ ጠፈር ደርሶ የመጣ ባለጸጋ ነው። ለጎረቤላ ሰው የሚጠቅመው ጠፈሩ ሳይሆን ኡቡንቱን በነጻ መስጠቱ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ያደገ ሰው ሶፍትዌር መጫን ማለት አንድ ፋይል ከፍላሽ ከፍቶ «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ» ማለት ይመስለዋል። የኡቡንቱ ሥርዓት ሌላ ነው። ሶፍትዌሩ ሁሉ ተመርምሮ፣ ተፈርሞበት፣ አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ተቀምጧል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የኡቡንቱ መነሻ የሆነው ደቢያን 12 ብቻውን ከ60 ሺህ በላይ ፓኬጅ አለው። ተጠቃሚው ስሙን ይጠራል፤ አፕት የሚባለው ታዛዥ ሄዶ ያመጣል፣ ያ ሶፍትዌር የሚያስፈልጉትን ሌሎች ፓኬጆችም ፈልጎ አብሮ ያመጣል። አንድም ብር አይጠየቅም፣ የተሰበረ ኮድ አይለመንም። ያማረ ሥርዓት ነው፤ ይህን እኔም አልክድም።

ነገር ግን ሁሉ ነገሩ የቆመው የኢንተርኔት መስመር አለ በሚል ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታ ተዘጋ። ስልክ ሲፈቅድለት ይጠራ ነበር፤ ዳታ የሚባል ግን አልነበረም። እንግዲህ መደብሩን የት ሄዳ ታንኳኳ? የኡቡንቱን መመሪያ የጻፉት ሰዎች አንድ መስመር ትእዛዝ ሰጥተው «ቀላል ነው» ይላሉ። ቀላል የሚሆነው መስመር ላለው ነው። እነሱ የዘለሉት ነገር ጎረቤላ ላይ የቀኑ ሥራ በሙሉ ነበር። እኔ የልጅቱን ንዴት ከዚህ በኋላ ነው እውነት አለው ያልኩት።

ድሮ እንኳ የተሻለ ዘመን ነበር፦ ከ2005 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የኡቡንቱ ሰዎች «ሺፕኢት» በሚል አገልግሎት ሲዲ ለጠየቀ ሁሉ በየአገሩ በፖስታ ይልኩ ነበር፤ የመላኪያውን እንኳ ሳያስከፍሉ። ፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ይበቃ ነበር። ኢንተርኔቱ ተስፋፋ ብለው ተዉት። ለማን ተስፋፋ?

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ማታ ኔትወርኩ ሻል ሲል ለአክስቷ ልጅ ደወለች። በቁጣ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ምን አድርገኸኝ ነው የሄድከው?»

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«ሰው ፊት አዋረድከኛ! አማርኛ አይጽፍም። ፓወር ግዕዝን እምቢ አለ።»

ልጁ ሳቀ፤ ስህተት ነበር፤ ስልኩ ተዘጋበት። ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀና በስልክ ማስጻፍ ጀመረ። ይህን ነገር በጆሯችሁ ሰምታችሁት ቢሆን!

«ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ቲ፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ተጫኚ።»

ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ባዶ መስኮት ድርግም አለ። አይጥ አይሠራበትም፣ ሥዕል የለበት፣ «እሺ» የሚል ቁልፍ የለው።

«አሁን ጻፊ። ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ።»

«በትልቁ ነው በትንሹ?»

«በትንሹ። እዚህ ቤት ትልቅና ትንሽ ይለያያል እትዬ፣ ጠንቀቅ በይ። ከዚያ ባዶ ቦታ፤ አፕት፤ ባዶ ቦታ፤ ኢንስቶል፤ ባዶ ቦታ፤ አይ፣ ቢ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ሰረዝ፣ ኤም፣ 17፣ ኤን።»

«17ን በቁጥር?»

«በቁጥር። የአማርኛ መጻፊያውን የሚያመጣልሽ እሱ ነው፤ አይባስ ኤም17ኤን ይባላል።»

ኢንተር ስትል ፓስወርድ ጠየቃት። መጻፍ ጀመረች። ምንም አይታይም። ኮከብ የለ፣ ነጥብ የለ፣ ያቺ የምትርገበገብ ምልክት ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም።

«ኪቦርዱ ሞተ» አለች።

«አልሞተም፤ ይጽፋል፣ አያሳይሽም እንጂ። ከጀርባሽ የቆመ ሰው የፓስወርዱን ርዝመት እንዳይቆጥር ነው።»

«ከጀርባዬ ማን አለ? ብቻዬን ነኝ!»

በጭፍን ጻፈች፤ ተሳሳተ። ደገመች፤ ተሳሳተ። በሦስተኛው ያ ሱዶ የሚባለው ፈቃድ ጠያቂ ትእዛዝ «ሦስት ጊዜ ተሳስተሻል» ብሎ አባረራትና እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመራት። የካፕስ መብራት በርቶ ኖሯል። አጠፋችና ገባች። በጨለማ እንደሚሄድ ሰው ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «ፓኬጁን ላገኘው አልቻልኩም።»

«እና ፈልገዋ!» ብላ ላፕቶፑ ላይ ጮኸች።

ምኑን ይፈልግ። ላፕቶፑ ከተጫነ ጀምሮ ኢንተርኔት አይቶ አያውቅም፤ የመደብሩ ዝርዝር እንኳ አልደረሰውም። ልጁ ይህ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሆቴል ውስጥ በሽቦ የመጣ ዋይፋይ ይዞ ተቀምጦ የጎረቤላን ነገር ረስቶት ነበር። «በቃ እትዬ፣ ፋይሎቹን እኔ አወርድና በፍላሽ እልክልሻለሁ» አላት።

አንኮበር ዕቃ በጭነት ሲመጣላት ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1841 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ካፒቴን ሐሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመንግሥቱን ስጦታ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ዳገቱን ሽቅብ ወጣ። የኛው ጭነት በፖስታ የታሸገች አንዲት ፍላሽ ናት፤ የመጣችውም በሹፌር እጅ ነው፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን። ሐሪስ ግን ለየትኛው ንጉሥ እንደሚሄድ አውቆ ነበር የተነሣው።

ፍላሿ ስትደርስ ልጅቱ ሱቋን ዘግታ ተቀመጠች። ጥቂት ፋይሎች ናቸው፣ ጫፋቸው ሁሉ «ዴብ» ይላል። ስልክ ተደወለ።

«ዳውንሎድስ ውስጥ ገልብጠሻቸዋል? እንግዲያው ሲ፣ ዲ፣ ባዶ ቦታ፣ ዳውንሎድስ በይ።»

«እንዲህ ያለ ፎልደር የለም ይላል። ዓይኔ እያየው!»

«ዲውን በትልቁ ጻፍሽው?»

ዝም አለች። በትልቁ ጻፈችው፤ ገባ። ከዚያ «ሱዶ፣ ዲፒኬጂ፣ ሰረዝ አይ፣ ኮከብ ነጥብ ዴብ» የሚለውን አስጻፋት። ኮከቧ «ያለውን ሁሉ» ማለት ናት። መስመሩ ተንዠቀዠቀ፤ ደስ አላት። መጨረሻው ላይ ግን ልቧን የሚሰብር ጽሑፍ ቆመ።

«አንብቢልኝ» አላት።

«እንግሊዝኛ ነው።»

«እያንዳንዷን ፊደል አንብቢልኝ እትዬ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ የስህተት ጽሑፍ ሲመጣባት ዓይኗን ጨፍና ትዘጋው ነበር፤ ስድብ ይመስላት ነበር። አሁን ፊደል እየቆጠረች አነበበችለት። ጽሑፉ «እኔ የምፈልገው ሊብሲ ከዚህ የበለጠ ነው፤ እዚህ ያለው 2.31 ነው» የሚል ነው።

ልጁ ግንባሩን ሲመታ በስልኩ ተሰማት።

«ምንድነው?»

«ያንቺ 20.04 ነው። የኔ 22.04። ያወረድኩት ለራሴ ነው።»

የመጀመሪያው ቁጥር የወጣበት ዓመት፣ ሁለተኛው ወሩ ነው፤ 20.04 ማለት 2020፣ ሚያዝያ። መስቀል ሰሞን ከቦርሳው ያወጣት ፍላሽ የቆየች ስለነበረች ለእሷ ያንን ጫነላት፣ እሱ ዘንድ ያለው ደግሞ የ2022ቱ ነው። ሊብሲ ማለት በዚያ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፍበት መሠረት ነው፤ የ20.04ቱ 2.31፣ የ22.04ቱ 2.35። ለአዲሱ የተሰፋው በአሮጌው ላይ አይቆምም።

«እና ሊብሲውን አዲስ አድርገህ አትልክልኝም?»

«እንዳትነኪው! እሱ ከተበላሸ ላፕቶፑ አይነሣም።»

«ምን ዓይነት ጣጣ ነው? አንድ የአማርኛ መጻፊያ ብቻ ነው የጠየቅኩት።»

እዚህ ላይ ልጁ ያመጣላት ምሳሌ ነው ነገሩን ያቀናው።

«እትዬ፣ ሠርግ ጠርተሽ ታውቂያለሽ። አንዱን ስትጠሪው ‹አጎቴ ካልተጠራ አልቀመጥም› ይልሻል። አጎትየውን ስትጠሪው እሱም የሚስቱን ወንድም ይጠራል። አይባስ ኤም17ኤን ብቻውን አይመጣም። ሊብኤም17ኤን የሚባል አጎት አለው፤ ያ ደግሞ የፊደሉ ዝርዝር ያለበትን ኤም17ኤን ዲቢን ይጠራል፤ ሊብኦቲኤፍ የሚባልም አለ። አንዱ ቢቀር ሁሉም ቆመው ይቀራሉ።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ሁሉንም መጥራት ነበራ!»

«ኢንተርኔት ቢኖር አፕት ራሱ ይጠራቸው ነበር። አሁን ጠሪው እኔ ነኝ፤ ዝርዝሩን ተሳስቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ልጁ ከሰዓቱን በሙሉ በአንድ ማኪያቶ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ፣ የ20.04ቱን መደብር ከፍቶ፣ ስሪቱን አንድ በአንድ እያስተያየ አወረደ። መንገዱ ደግሞ ተዘጋ። ፍላሿ በፖስታዋ ውስጥ ሆና ደብረ ብርሃን መነኻሪያ አካባቢ ቀን ጠበቀች። ልጅቱም ቀኑን ሙሉ በእጇ ትጽፋለች፤ ፎቶ ኮፒው ባይኖር ሱቁ ይዘጋ ነበር። ጎረቤቷ ባለሱቅ «እባክሽ ዊንዶውሱን አስመልሺ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ይላታል። ማስመለሻውም እኮ ደብረ ብርሃን ነው ያለው።

ሁለተኛዋ ፍላሽ መጣች። በዚህ ጊዜ ለልጁ አልደወለችለትም፤ የስልኩ ነገር ስለማይታመን ትእዛዛቱን በደብተር ጽፋ ይዛ ነበር። ትልቁን ዲ ደግሞ በቀይ አክብባዋለች። ፓስወርዷን በጭፍን ጻፈች፣ ኢንተር አለች። መስመሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ምንም አላላትም። የተሳካለት ነገር «ተሳካልኝ» አይልም፤ ሲያጠፋ ብቻ ነው የሚናገረው። እሷ ግን ይህን አታውቅምና ዝም ሲላት የተበላሸ መስሏት ሦስት ጊዜ ደጋግማ ጫነችው። ጉዳት አልነበረውም።

ከኮምፒውተሩ ወጥታ በፓስወርዷ ተመልሳ ገባች። ቅንብሩ ውስጥ የኪቦርዱን ዝርዝር ከፍታ መደመሪያዋን ነካች፤ «አማርኛ» ስትል ከዚያኛው አጠገብ አንድ አዲስ መስመር ታየ፦ «ሴራ»። መረጠችው። ኤስ ነካች፤ «ስ» አለ። ኢ አስከተለች፤ «ስ» ራሱ ዞሮ «ሰ» ሆነ። ኤል፣ ኤ፣ ኤም፤ «ሰላም»።

እልል አላለችም። ወዲያው የከተማዋን ስም ሞከረች፤ «ጎረበላ» ሆነባት። ትንሿ ኢ «በ» ትሰጣለች፣ «ቤ»ን የምትሰጠው ትልቋ ናት። ሺፍቱን ይዛ ደገመች፦ ጎረቤላ። ትልቅና ትንሽ የሚለይበት ቤት እዚህም ተከትሏት መጣ፤ አሁን ግን ሳቀች። «ጠ» በትልቁ ቲ፣ «ጨ» በትልቁ ሲ፣ «ሸ» በኤክስ፤ እስከ ማታ ድረስ አንዷን ወረቀት በፊደል ሞላች።

ከዚያች ኤስ ቁልፍ ጀርባ ማን ማን እንዳለ ብነግራችሁ አትሰለቹኝም መሰለኝ። ሴራ የሚባለውን፣ ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ኪቦርድ የመጻፍ ሥርዓት፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያበጁት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ናቸው። ያን ጊዜ ኢሜይል አማርኛ አይሸከምም ነበርና በላቲን ፊደል ጽፎ በማዶ ወደ ግዕዝ ለመመለስ ብለው ነው። ታካሃሺ ናኦቶ የሚባል ጃፓናዊ ደግሞ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ አማርኛ እንዲጻፍ አደረገ፤ ኤም17ኤንም የጃፓን የምርምር ተቋም ሥራ ነው። ግዕዝ የየአገሩ ፊደል ለኮምፒውተር በሚመዘገብበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በሦስተኛው ዕትም ነው። ሊኑክስ ቀንና ገንዘብን በአማርኛ ወግ እንዲጽፍ የሚያደርገውን ፋይል የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ሰዎች አዘጋጁት። ማናቸውም ለጎረቤላ ብለው አልሠሩም፤ የሠሩት ግን ጎረቤላ ደረሰ፣ በሹፌር እጅም ቢሆን።

አሁን ችግሩ አለቀ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ ሌላ ነው የመጣው። አንድ የእድር ጸሐፊ የድሮውን መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው የሚለወጠው።»

ስትከፍተው የላቲን ፊደልና የነጥብ ጭቅጭቅ ነው፤ አማርኛ የሚባል የለበትም። ሰውየው ክው አሉ። «ደንቡ ጠፋ?»

አልጠፋም። ዩኒኮድ ሳይስፋፋ የተጻፈው አማርኛ አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ውስጡ የላቲን ኮድ ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ ይቃዣል። ልጅቱ ይህን ሁሉ አላወቀችም፤ ነገር ግን አንድ ልማድ ይዛለች፦ ከመቆጣቷ በፊት የተጻፈውን ማንበብ። የፎንቱን ስም ከላይ ከሳጥኑ ውስጥ አየችው። ይህ ስም የድሮ ፍላሿ ላይ አለ። ፎንቱን ፈለገች፣ አገኘች፣ ሁለቴ ጠቅ ስታደርገው «ኢንስቶል» የሚል ቁልፍ ወጣ። ሱዶ አልጠየቀ፣ አጎት አልጠራ። ተጫነች፣ ጽሑፍ ማዘጋጃውን ዘግታ ከፈተች፤ የእድሩ ደንብ ከነአንቀጹ ተሰለፈ።

«እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ» አሉና ሁለቱን አንቀጽ ነገሯት። ሒሳቧን ሙሉውን ተቀበለች።

እንግዲህ አሁን ያለችው እንዲህ ናት። አንዲት ፍላሽ ላይ ፎልደር ከፍታ «ለ20.04 ብቻ» ብላ ጽፋበታለች። ፍላሿን ለማንም አታውስም፤ የጠየቀ ካለ ገልብጣ ትሰጣለች፣ እያስጠነቀቀች። አንድ የትምህርት ቤት ሰው ለሌላ ስሪት ወስዶ ሊጭን ሲል አስጥላዋለች ይባላል፤ አላየሁም፣ ግን አምናለሁ።

ከአክስቷ ልጅ ጋር የቀረው ክርክር ስለ መሻሻል ነው። የ20.04 መደበኛ ድጋፍ በ2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ልጁ «እትዬ፣ አርጅቷል፣ ላድስልሽ» ይላል። እሷ እምቢ አለች። ሥራ እየሠራ ያለ ነገር አይነካም ነው የምትለው፤ እሱ ደግሞ የደኅንነት ጥገና የሌለው ኮምፒውተር ይዞ ፍላሽ መቀበል አያዋጣም ይላታል። እኔን ብትጠይቁኝ ልጁ ልክ ነው፤ በእሷም ግን ማን ይፈርድባታል?

በመጨረሻ፣ ለገና ሲመጣ ሊያድስላት ተስማሙ። ስልኩ ሊቋረጥ ሲል ጮክ ብላ እንዲህ አለችው፦

«አዲሱን ስታመጣ ግን ከነአጎቶቹ አምጣው! አንዱን ረስተህ ብትመጣ እራት የለህም።»